«ሎ ሳፔቮ»፣ «ሎ ሳፑቶ»፣ «ሜ ላ ካቮ»፦ እነዚህ የጣልያንኛ ግሦች ምን ማለት ናቸው?

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላቱ «ሳፔሬ»ን «ማወቅ» ብሎ ያልፋል። ታዲያ «ሎ ሳፔቮ» እና «ሎ ሳፑቶ» በምን ይለያያሉ? «ሜ ላ ካቮ» ውስጥ ያለችው «ላ»ስ ምንን ነው የምትተካው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን አማርኛዎ ራሱ ይፈታልዎታል። «ሎ ሳፔቮ» ኢምፔርፌቶ (ባለፈ ጊዜ የቆየን ሁኔታ የሚገልጽ የግሥ ጊዜ) ነው፤ «አውቀው ነበር»። «ሎ ሳፑቶ» («ሎ» እና ረዳት ግሡ «ኦ» ተጣምረው) ፓሳቶ ፕሮሲሞ (ተፈጽሞ ያለቀን ድርጊት የሚገልጽ የግሥ ጊዜ) ነው፤ «ሰማሁ፣ ደረስኩበት»፤ ወሬው ያን ጊዜ መጣ ማለት ነው። «ኮኖሼሬ»ም እንዲሁ፦ «ላ ኮኖሼቮ» አውቃት ነበር፣ «ሎ ኮኖሹታ» («ላ» እና «ኦ» ተጣምረው) ተዋወቅኋት። «ኖን ቮሌቮ» አልፈልግም ነበር ነው፤ ሳይፈልጉ አድርገውት ሊሆን ይችላል። «ኖን ኦ ቮሉቶ» ግን እምቢ ብለው ቀርተዋል።

«ነበር» ባዩ ቁጥር ግን ኢምፔርፌቶ አይምዘዙ። «እሄድ ነበር» «አንዳቮ» ነው፤ «ሄጄ ነበር» ከሌላ ያለፈ ድርጊት የሚቀድም ከሆነ ትራፓሳቶ ፕሮሲሞ፣ «ኤሮ አንዳቶ» ይሆናል። ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ መልስ፦ ስለ «ላ» ልጨምር። የምትተካው የተለየ ስም የለም፤ ከግሡ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች። «ካቫሬ» ማውጣት ነው፣ «ካቫርሴላ» ደግሞ ችግርን እንደምንም መወጣት። «ሜ ላ ካቮ»ን «እወጣዋለሁ» ብንለው በጣም ይቀርበዋል። «ጣልያንኛ ትችላለህ?» ሲባሉ «ሜ ላ ካቮ» ቢሉ፣ «አያቅተኝም» ማለትዎ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ ነው። «ላ» ትርጉም ባይኖራትም ሰዋስው ላይ ትሠራለች፤ ቦዝ አንቀጹን (ከረዳት ግሡ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ እንደ «ካቫቶ» ያለውን ቅርጽ) አንስታይ ነጠላ ታደርገዋለች። ስለዚህ ተናጋሪው ወንድ ቢሆንም «ሜ ላ ሶኖ ካቫታ» ይላል፣ «ካቫቶ» አይልም። «ፋርቼላ»ም «ቼ ሎ ፋታ» (ተሳካልኝ፣ ቻልኩት) ይሆናል፤ እዚህም «ሎ» የ«ላ» እና የ«ኦ» ጥምር ነው። «አንዳርሴኔ» (ትቶ መሄድ) ውስጥ ግን «ላ» ስለሌለች ወንዱ «ሜ ኔ ሶኖ አንዳቶ»፣ ሴቷ «አንዳታ» ይላሉ።

በኃላፊ ጊዜ ረዳት ግሡን («ኤሴሬ»፣ መሆን፣ ወይም «አቬሬ»፣ መኖር/መያዝ) ለመምረጥ «እኔ» በሚለው መደብ ይፈትኑት። በ«ሜ» ከጀመረ (ሜ ላ ካቮ) «ኤሴሬ»፤ በ«ቼ» ከጀመረ (ቼ ላ ፋቾ) «አቬሬ»። በ«እኛ» አይፈትኑ፤ ሁለቱም «ቼ ላ» ብለው ስለሚጀምሩ አይለዩም።

ሦስተኛ መልስ፦ «ቮሌርቺ» እና «ሜቴርቺ»ም ይምታታሉ። «ቺ ቮሊዮኖ ዱኤ ኦሬ» ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ግሡ ከሰዓቱ ጋር ስለሚስማማ ለአንድ ሰዓት «ቺ ቩኦሌ ኡኖራ» ይባላል። «ቺ ሜቶ ዱኤ ኦሬ» ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ግሡ የሚስማማው ከሰውየው ጋር ነው። ኃላፊያቸው «ቺ ሶኖ ቮሉቴ ዱኤ ኦሬ» እና «ቺ ኦ ሜሶ ዱኤ ኦሬ» ነው።