ግራንድ ናሽናል የተባለውን የፈረስ ውድድር ያሸነፈ ጄኔራል አለ እንዴ?

ሰናይት ዘሊቨርፑል፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። እዚህ ሊቨርፑል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ አዛውንት ቤት እየሄድኩ እንከባከባቸዋለሁ። ሳሎናቸው ውስጥ አጥር የሚዘል ፈረስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ዘ ሶረር፣ 1896፣ ሚስተር ካምቤል» ይላል። አቧራውን ስጠርግ «እሱ እኮ ጄኔራል ነበር» አሉኝ። ጄኔራል ከሆነ «ሚስተር»ን ምን አመጣው? ደግሞስ ጄኔራል ጆኪ (የውድድር ፈረስ ጋላቢ) ይሆናል? አንዳንዴ ነገር ስለሚደበላለቅባቸው ነው የጠየቅኩት።

ሻምበል (ጡረታ)፦
ልጄ ሰናይት፣ አልተደበላለቀባቸውም። ዴቪድ ካምቤል ነው፤ ዘ ሶረር በሚባለው ፈረስ ግራንድ ናሽናልን፣ እዚያው ሊቨርፑል የሚደረገውን አጥር እየዘለሉ የሚሽቀዳደሙበትን ውድድር፣ ያሸነፈው። ያን ጊዜ 9ኛው ላንሰርስ በሚባለው ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ወጣት መኮንን ነበር፤ ጄኔራልነቱ በኋላ የመጣ ነው። «ሚስተር» የሚሉት ገንዘብ ሳይቀበል የሚጋልበውን አማተር ነው። ለእንጀራው የሚጋልበውን በስሙ ብቻ ይጽፉት ነበር። ፈረንጅ ኮርቻ ላይም ጨዋና ሎሌ ይለያል!

ፈረሱ የራሱ ነበር። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለዊልያም ሆል ዎከር ሸጠው፣ የሚጋልበው ግን እሱ ራሱ እንዲሆን ተዋውሎ። (እናንተ ከተማ ያለው ዎከር የሥዕል ሙዚየም የተሰየመው በዚህ ሰው አባት ስም ነው።) ውርርዱ 40 ለ1 ነበር፣ አንድ ያስያዘ አርባ የሚያተርፍበት፤ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ በጦሩ ውስጥ ስሙ «ሶረር» ሆኖ ቀረ። እኛ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እንደምንለው መሆኑ ነው።

በፈረንጆቹ 1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሞንሴል በምትባል የፈረንሳይ መንደር ጥቂት ፈረሰኛ አስከትሎ፣ ጦር ቀስሮ፣ ድራጎን የሚባሉት የጀርመን ፈረሰኞች መሀል ገባ። ቆስሎም ተረፈ። በኋላ 21ኛውን ክፍለ ጦር እስከ ጦርነቱ ማብቂያ መርቷል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያሸነፈው ማርች 1896 ነው፣ ዓድዋ በሆነበት ወር። በፈረንጆቹ 1935 ጣልያን ዳግም ሲወረን ደግሞ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ የነበረችው የማልታ ደሴት ገዥ እሱ ነበር። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የጣልያንን አውሮፕላን ሰግተው አብዛኞቹ ከማልታ ወደ እስክንድርያ ሄዱ። ሰውየው የሞተው ማርች 1936 ነው፣ ማይጨው በሆነበት ወር።

አባ ቦራ፦
ሻምበል፣ አጥር መዝለል ምን ጥበብ አለው? የሚዘለው ፈረሱ አይደል? ጉግስ እንኳ በጋሻ መመከት አለበት።

ሻምበል (ጡረታ)፦
አንተ ሞክረኸው አታውቅም። እዚያ ቤቸርስ ብሩክ የሚባል አጥር አለ፤ በ1839 ካፒቴን ቤቸር የወደቀበት ቦይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው መሬት ከወዲህኛው ዝቅ ይላል። ፈረሱ ሲወርድ ወደ ኋላ ተለጥጠህ ልጓሙን ካላላላህለት በአፍንጫው ይተከላል። እኔ በምልምልነቴ ልጓም ጨብጬ ቦይ ስዘል ሁለት የፊት ጥርሴን እዚያው ትቼ ነው የተነሳሁት።

ሰናይት ዘሊቨርፑል፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሻይ እያጠጣኋቸው ያሉትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ማልታው ዝም አሉ። 40 ለ1 ስል ግን ቀና አሉና «አያቴ አስይዞ ነበር፤ ሥዕሉ የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው» አሉኝ።