መብራት ከጠፋ ወዲህ ኤም4 እምቢ አለኝ፤ ምን በደልኩት?

የሆጤው (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ቀን ቀን ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከጤፉ ጆንያ አጠገብ በተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ሊኑክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከምንጭ ኮዱ እየገነባሁ ነው። የምከተለው «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተባለውን መመሪያ እትም 12.3 ነው። ማሽኑ ሁለት ኮርና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። መነሻዬ ማሽኑ ላይ ያለው ዴቢያን (ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሊኑክስ) ነው፤ ለአዲሱ ሲስተም 30 ጊጋባይት ፓርቲሽን ለይቻለሁ። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ስለሌለ የምንጭ ኮዶቹን ከሱቅ በፍላሽ ነው ያመጣኋቸው።

ቢንዩቲልስ (ሊንከሩን የያዘው የመሣሪያዎች ጥቅል) በሰላም አለፈ። ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር) እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ፤ እናቴ ማራገቢያው ሲጮኽ በሰማች ቁጥር «አሁንም አልበሰለም?» ትለኛለች። ጂሊብሲ (ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ሲ ላይብረሪ) መሐል ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ።

ሲመለስ ማሽኑን አስነሣሁት፤ ሰዓቱ 2009 ይላል። ቀኑንና ሰዓቱን በእጄ ሞላሁ፣ ፓርቲሽኑን መልሼ አገናኘሁ፣ ከቆመበት ይቀጥላል ብዬ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሜክን (ግንባታውን የሚያስኬደውን ትእዛዝ) ደግሜ አዘዝኩ። ስለ ጊዜ የሚያወራ ማስጠንቀቂያ እየተደራረበ ወረደ። ስሕተት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ አለፍኩት። አለቀ፤ ጫንኩት።

ቀጥሎ በሚመጣው ጥቅል በኤም4 ላይ ግን ኮንፊገር (ከግንባታ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ገና ሲጀምር ይቆማል። የሚለው ወደ አማርኛ ሲመለስ «አዲስ የተፈጠረው ፋይል አብረው ከመጡት ፋይሎች ያረጀ ነው፤ የሲስተምህን ሰዓት ተመልከት» ነው። አሁን የተፈጠረ ፋይል እንዴት ሆኖ ያረጃል? ጥቅሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ እንደገና አወረድኩት፤ የኤምዲ5 ቁጥሩ (ፋይሉ አለመበላሸቱ የሚታይበት) መመሪያው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሰዓቱን እንደሆነ በየማታው አስተካክለዋለሁ። ምን ቀረኝ?

ከኮምቦልቻ፦

መጀመሪያ ነገር፣ ዴቢያንህ እየሠራ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ለማንኛውም «ዴት» (ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን ትእዛዝ) ብለህ ጻፍና የሚያወጣውን እንዳለ አስፍረው። «አስተካክለዋለሁ» መልስ አይደለም።

የሆጤው፦

ለምን ላልከው፣ ሱቅ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ሲበላሽ ፎርማት ከማድረግ በቀር ሌላ የማውቀው ስለሌለ ነው። ሰለቸኝ። ዴት የሚለው ይኸው፦ ቅዳሜ፣ ሴፕ 16፣ 2017፣ 03፡52። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱም 3፡52 ነው። ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?

የሐይቁ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ አብሽር፤ ኤም4 ምንም አልሆነም። ኮምፒውተሩን ከጥቂት ወራት ጉድለት በቀር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የላክኸው አንተ ነህ። የግድግዳውን ካላንደር ገልብጠህ ሞላህለት፦ ግንቦት ዘጠነኛ ወር ናትና 09፣ ቀኑ 16፣ ዓመቱ 2017። እርሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ዛሬ ለእርሱ ሜይ 24 ቀን 2025 ነው። የምሽቱ 3፡52ም ለእርሱ 21፡52 ነው። የዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 16 ደግሞ እንደ አጋጣሚ ቅዳሜ ሆኖ ተገኘ፤ ያዘናጋህ ይህ ይመስለኛል። ግን «ሴፕ» ሲልህ ምን መስሎህ ነው?

ኤም4 1.4.19 የወጣው በ2021 ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ፋይሎቹ የራሳቸውን ቀን እንደያዙ ይወጣሉ። ኮንፊገር ለሙከራ አንድ ፋይል ይፈጥርና ቀኑን ከእነርሱ ጋር ያስተያያል። ያንተ ፋይል በ2017 ስለተወለደ ታላቃቸው ሆነ።

ይህ ቀላሉ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ጂሊብሲ ነው። ሜክ የፋይሉን ውስጥ አያይም፤ የሚያየው ቀኑን ብቻ ነው። ምንጩ ከተሠራው ፋይል አዲስ ከሆነ እንደገና ኮምፓይል ያደርገዋል፣ ካልሆነ ይዘለዋል። መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ሲጻፉ የነበሩ የኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይል የተደረጉት ቁርጥራጮች) ስማቸው ዲስኩ ላይ ተመዝግቦ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቀናቸው አዲስ ነውና ሜክ እንደተሠሩ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ብዙውን ጊዜ በኋላ ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር ያገኛቸውና ይጮኻል፤ ያንተ ሳይጮኽ አልፏል። ቢሆንም ግማሹ የ2025፣ ግማሹ የ2017 ከሆነ ፎልደር የወጣ ሲ ላይብረሪ እኔ አላምንም፤ ከዚህ በኋላ የምትሠራው ሁሉ የሚደገፈው በእርሱ ላይ ነው። ሰዓቱን አስተካክልና ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዘህ፣ ጥቅሉን አዲስ ፈትተህ ከዜሮ ጀምር። ከጫንከው በኋላ መመሪያው ላይ ያለችውን የባዶ ፕሮግራም ሙከራ አትዝለላት።

ሰዓቱ 2009 ላይ የሚወድቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ስለሞተች ይመስለኛል። በብዛት ሲአር2032 የምትባለዋ ናት፣ 3 ቮልት። የመብራቱን ገመድ ነቅለህ ቀይራት።

ከኮምቦልቻ፦

ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጂሲሲ ሁለተኛ ዙር ላይ ስትደርስ በ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ከሁለት በላይ ሥራ ጎን ለጎን አትስጠው። ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ኮምፓይለሩን ይገድለውና አንተ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ።

የሆጤው፦

ጋሼ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያነበብኩት። እኔ እኮ ሱቅ ውስጥ ፎርም ለሚያስሞላ ሰው ሁሉ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ስቀይር የምውል ሰው ነኝ! ገንዘብም ተቀብዬበታለሁ። ቤት ስገባ ጠፋብኝ።

ባትሪዋን ሁለት የኮምፒውተር ዕቃ ቤት ጠይቄ አጣሁና ከአንድ ሰዓት ሠሪ አገኘኋት። «የትኛው ሰዓት ነው የቆመብህ?» አለኝ። የኮምፒውተር ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር ገንዘቡን ተቀበለ። ማሽኑን ነቅዬ፣ አሥር ደቂቃ አቆይቼ መልሼ ሰካሁት፤ ሰዓቱ አልወደቀም።

ጂሊብሲን ከዜሮ ጀመርኩ። በዚህኛው አንድም የጊዜ ማስጠንቀቂያ አልወረደም። የባዶዋ ፕሮግራም ሙከራም መመሪያው እንደሚለው ሊብ64 ሥር ያለውን ሊንከር አሳየችኝ። ኤም4 ደግሞ ያን ሁሉ ሌሊት እንዳላስለቀሰኝ በሁለት ደቂቃ አለፈ። አሁን ቀጣዩን ጥቅል፣ ኤንከርስስን፣ ጥጄ ነው የምጽፍላችሁ።