በአባቴ አንጎል ውስጥ ለጠበበው የደም ሥር ስቴንት የማይገባው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ67 ዓመት አባታችን ከሁለት ወር በፊት፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላቸውን ለብሰው ሲዘጋጁ፣ የያዙት የቡና ስኒ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ስኒውን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ቀኝ እግራቸው ከዳቸው። ብንጠራቸው አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ የማይገባ ድምፅ ብቻ ያሰሙ ጀመር። ወንድሜ በራሳችን መኪና እንውሰዳቸው እያለ ቁልፍ ሲፈልግ እናታችን ቀድመው 911 ደውለው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው በዚያች ሰዓት ልብ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሆስፒታል እንደደረስን ሲቲ ስካን ተነሡ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በክንዳቸው ተሰጣቸው፣ ከዚያም ወዲያው የደም ሥር በምስል እየታየ ወደሚታከምበት ወደ አንጂዮግራፊ ክፍል ገቡ። በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የግራ አንጎላቸውን ትልቅ የደም ሥር የደፈነውን የረጋ ደም ስበው አወጡላቸው። በማግሥቱ ስሜን ጠርተውኛል። ዛሬ ቀኝ እጃቸው ትንሽ ከመድከሙ በቀር በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ይናገራሉ።

ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ሐኪሙ የረጋው ደም ከወጣ በኋላ ከሥሩ የደም ሥሩ ራሱ 75 በመቶ ያህል ጠቦ እንደተገኘ ነገሩን፤ ሆኖም ስቴንት (የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ ለመያዝ በውስጡ የሚቀር ትንሽ የመረብ ቱቦ) እንደማያስገቡና አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በተባሉ ደም ማቅጠኛዎች፣ በኮሌስትሮልና በግፊት ክኒን እንደሚከታተሏቸው ገለጹልን። ዱባይ የሚኖሩት አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ልባቸው ላይ ስቴንት ገብቶላቸዋል። እሳቸውም «የልብ ሲጠብ ይከፈታል፣ የአንጎል ሲጠብ ክኒን ይሰጣል፤ ይህ ወጪ ለመቆጠብ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» በማለት ስቴንቱን ለማስገባት ፈቃደኛ የሆነ ክሊኒክ አግኝተው ወጪውን ለመሸፈን ተነሥተዋል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ቱቦው እዚያ ድረስ ከደረሰ፣ የጠበበውን በዚያው ከፍቶ መውጣት ያልተቻለበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልስ፦ የአንጂዮግራፊ ክፍል ነርስ (አትላንታ)

እንኳን አባትዎን እግዚአብሔር ማረልዎ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን በጥቂቱ ልንገርዎ፤ የተደረገላቸው ነገርና አጎትዎ የሚጠይቁት ነገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማየት ይጠቅማል።

ከብሽሽት የተነሣው ቱቦ በትልቁ የደም ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከልብ በላይ ያለውን ቅስት አልፎ፣ በአንገት በኩል ወደ ራስ ቅል ይገባል። በውስጡ ከስፓጌቲ የቀጠነ ሌላ ቱቦ የረጋውን ደም ሰርስሮ ያልፍና ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ እንደ ዓሣ መረብ የተጠለፈ ትንሽ ሲሊንደር ይዘረጋል። መረቡ የረጋው ደም ውስጥ እስኪሰምጥ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ በክፍሉ ውስጥ ማንም የማይናገርበት ጊዜ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በሌላው ቱቦ እየተመጠጠ ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። የወጣውን በነጭ ጎዝ ላይ ስንዘረጋው ብዙውን ጊዜ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ቀይ ቁራጭ ነው። ቤተሰብ ፎቶውን ሲያይ «ይህቺ ናት?» ይላል።

ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር መረቡ ተመልሶ መውጣቱ ነው፤ በአባትዎ አንጎል ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር የለም። ይህ ሕክምና ራሱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ሦስት ጥናቶች ከመድኃኒት የተሻለ ጥቅም አላሳዩም፤ ብዙዎች በዚያው ተስፋ ቆርጠው ነበር። በ2015 ግን አምስት ጥናቶች ተከታትለው ውጤቱን ገለበጡት፤ መሣሪያው ተሻሽሎ ነበር፣ ሕሙማኑም ትልቁ የደም ሥር መደፈኑ በምስል ከተረጋገጠ በኋላ የተመረጡ ነበሩ። የመጀመሪያው በኔዘርላንድስ በ500 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሲሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው ለመኖር የበቁት የረጋው ደም በቱቦ ከወጣላቸው መካከል 32.6 በመቶ፣ ካልወጣላቸው መካከል 19.1 በመቶ ነበሩ። ስለ ስቴንቱ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ቢመልስልዎ እመርጣለሁ።

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም (አዲስ አበባ)

የእኅታችን ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የሙያ ጓደኞቼም ለዓመታት እንደ አጎትዎ ያስቡ ነበር። የጠበበ ነገር ይከፈት ማለት ለጆሮ የሚጥም አሳብ ነው። በአሜሪካ ለአንጎል የደም ሥሮች የተሠራ ስቴንት ከ2005 ጀምሮ በተወሰነ ፈቃድ ሥራ ላይ የዋለውም በዚሁ አሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳምፕሪስ የተባለው ጥናት በአሜሪካ ተጀመረ። በቅርቡ ስትሮክ ወይም አላፊ የስትሮክ ምልክት የታየባቸውንና ከአንጎል ትልልቅ የደም ሥሮች አንዱ ከ70 እስከ 99 በመቶ የጠበበባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ፤ ሁሉም ጠንካራ የመድኃኒት ክትትል ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ በተጨማሪ ስቴንት ገባላቸው። በ2011፣ 451 ሰዎች እንደተመዘገቡ፣ አዲስ ሕመምተኛ መቀበል እንዲቆም ተወሰነ። በ30 ቀን ውስጥ በስትሮክ የተጠቁት ወይም የሞቱት ስቴንት ከገባላቸው መካከል 14.7 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት መካከል 5.8 በመቶ ነበሩ። በስቴንቱ ወገን 10 ሰዎች አንጎላቸው ውስጥ ደም ሲፈስስ በሌላው ወገን አንድም አልነበረም።

የልብና የአንጎል የደም ሥር በዐይን ሲታዩ ውፍረታቸው ቢቀራረብም ተፈጥሯቸው የተለያየ ነው። ወደ ራስ ቅል የገባ የደም ሥር ውጫዊውን የመለጠጥ ሽፋን ያጣል፣ ግድግዳውም ይሳሳል። ዙሪያውን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ስለሌለ በፈሳሽ ውስጥ እንደ ተንሳፈፈ ነው፤ ከተቀደደም ደሙ የሚፈስሰው መፈናፈኛ በሌለው የአጥንት ሣጥን ውስጥ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የጎን ቅርንጫፎቹ ጉዳይ ነው። የአባትዎ ስትሮክ ከደረሰበት የደም ሥር ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ብዙ ክሮች ይወጣሉ፤ እነዚህም የሚመግቡት ተቃራኒውን የሰውነት ወገን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ተጠቃለው የሚያልፉበትን ጠባብ ቦታ ነው። ጎማ በጭቃ መንገድ ሲያልፍ ጭቃውን ወደ ቦዩ አፍ ገፍቶ እንደሚደፍን፣ ስቴንቱም ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ስብ ወደነዚህ ክሮች አፍ ሊገፋው ይችላል። በምስሉ ላይ ዋናው መንገድ አምሮ ተከፍቶ ይታያል፤ ሕመምተኛው ግን እጁን ማንሣት ያቅተዋል።

ከዚህ ጥናት በኋላ በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስቴንቱ የሚፈቀድላቸውን ሰዎች እጅግ አጠበበ፤ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ጠንካራ የመድኃኒት ሕክምና እየተከታተሉ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ስትሮክ የደረሰባቸው መሆን ነው። አባትዎ በዚህ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ሐኪማቸው ወጪ የቆጠቡ አይመስለኝም።

እዚህ እኛ ጋ የሚመጣው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ያለፈበት ነው። «ግፊት ጥሎት ነው፣ ይተኛና ይለፍለት» ተብሎ ያድራል። እናትዎ ወዲያው መደወላቸውን ስለዚህ በቅናት ጭምር ነው ያነበብኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባትዎ በጾም ወቅት ክኒናቸውን የሚወስዱት በስንት ሰዓት ነው? በሳምፕሪስ ክኒን ብቻ የወሰደው ወገን ውጤት ያመጣው ሁለቱን ደም ማቅጠኛዎች ለ90 ቀን ሳያቋርጥ ስለወሰደ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ140 በታች፣ ስኳር ላለበት ከ130 በታች፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ደግሞ ከ70 በታች እንዲሆን ክትትል ስለተደረገለት ነው። ክኒኑን በስሙ ብቻ የያዘ ሰው በዚያ ቁጥር ሊጽናና አይችልም።

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ሐኪም (ጀርመን)

የዶክተሩን ማብራሪያ በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መዝገቡ በ2011 የተዘጋ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ2022 ከቻይና የወጣው ካሲስ የተባለ ጥናት ሐኪሞቹ የተመረጡ ቢሆኑም በስቴንትና በመድኃኒት መካከል ልዩነት አላገኘም፤ ስትሮክ የደረሰባቸው ወይም የሞቱት ስቴንት ከገባላቸው መካከል 8.0 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት መካከል 7.2 በመቶ ነበሩ። በ2024 ግን ከዚያው ከቻይና ቤሲስ የተባለው ወጣ። በዚህኛው ስቴንት አልተተወም፤ ከደም ሥሩ ያነሰ ፊኛ በጣም በዝግታ ተነፍቶ ወጣ። እስከ አንድ ዓመት በተደረገው ክትትል ስትሮክን፣ በመጀመሪያው ወር የደረሰን ሞትና የደም ሥሩን በድጋሚ መክፈትን ያካተተው ድምር ፊኛ ከተነፋላቸው መካከል 4.4 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት መካከል 13.5 በመቶ ሆነ። በእኔ አስተያየት ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ትክክል ነው፣ ልዘልለው አይገባኝም ነበር። ሆኖም በዚያው ጥናት ፊኛ ከተነፋላቸው ሰዎች በ14.5 በመቶዎቹ ላይ የደም ሥሩ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ሥራውንም የሠሩት በየቀኑ ይህንኑ የሚሠሩ እጆች ናቸው። ደግሞም የአጎትዎ ክሊኒክ ያቀረበው ስቴንት እንጂ ፊኛ አይደለም። እኔ ብሆን ለአባትዎ ዛሬ አላስደርግም፤ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ምልክቱ ከተመለሰ ግን ብዙ ሕመምተኛ በሚያይ ማዕከል ጥያቄው በድጋሚ ይነሣ እላለሁ።

መልስ፦ አንጎሌ ውስጥ ኮይል ያለኝ (እስራኤል)

ቤተሰብ ውስጥ «እገሌ እኮ ተሠርቶላት ድና መጣች» የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ነው የምጽፈው። የእኔ የደም ሥር አልጠበበም፤ ተነፍቶ ፈንድቶ ነበር። በብሽሽቴ ገብተው ከፀጉር የቀጠነ የፕላቲነም ሽቦ በእብጠቱ ውስጥ ጠቅልለው ሞሉት። በእኔ ላይ አለማድረግ ማለት እንደገና እስኪፈነዳ መጠበቅ ነበር፤ ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነበር። ዘመዶቼ ግን ስትሮክ ለያዘው ሁሉ የእኔን ታሪክ ምሳሌ አድርገው ይነግራሉ። በሽታው ሌላ፣ መሣሪያውም ሌላ መሆኑን አጎትዎ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዶክተሩን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ አባታችን ዘንድ ሄጄ የክሎፒዶግሬሉን ጠርሙስ ከፈትኩ። ከ30 ክኒን ውስጥ በቀኑ ስሌት 4 ብቻ መቅረት ሲገባው 15 አገኘሁ። አባታችንን ብጠይቃቸው በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ውኃ ስለማይቀምሱ ወደ ከሰዓት ያስተላልፉትና ሲበሉ እንደሚረሱት ነገሩኝ፤ «ስቴንት ይገባልሃል ስላላችሁኝ ክኒኑ ለጊዜው ነው ብዬ ነበር» አሉኝ። ለካ እኛ ስንከራከር የቆየንበት ነገር ራሱ ክኒኑን አስንቆባቸው ኖሯል። ግፊታቸውን በቤት ስለካ 158 በ90 ነበር። ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ደውዬ የተዘለለውን ስነግራቸው የተረሱትን አደራርበው እንዳይወስዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመደበኛው መጠን እንዲቀጥሉ አዝዘው የሐሙስ ቀጠሮ ሰጡን። የንስሐ አባታቸውም በስልክ አነጋግረዋቸው፣ ጠዋት በውኃ እንዲወስዱት ፈቅደውላቸዋል። ዱባይ ያሉት አጎቴ ገና አልተቀበሉኝም፤ የአትላንታዋንና የዶክተሩን ጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ።

መልስ፦ የአንጂዮግራፊ ክፍል ነርስ (አትላንታ)

ሐሙስ ስትሄዱ ጠርሙሶቹን ሁሉ እንዳሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ከሚነገረው ይልቅ የቀረው ክኒን ተቆጥሮ መታየቱ ለሐኪሙ ይረዳል። ግፊቱንም እስከዚያ ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ አርፈው ከተቀመጡ በኋላ ለክታችሁ በወረቀት ጻፉት። የቀኝ እጃቸው ድካም ከዛሬው ከባሰ፣ ወይም ንግግራቸው ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ከተያዘ፣ ሐሙስን አትጠብቁ፤ እንደ እናትዎ ወዲያው 911 ደውሉ።