በውስጥ ዲዛይን ሥራ ከአርክቴክቶች፣ ከኮንትራክተሮችና ከዕቃ አቅራቢዎች ጋር እንዴት ልተዋወቅ?

ሰገነት፦

ጤና ይስጥልን። በአንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጥሬ የውስጥ ዲዛይን ስሠራ ከቆየሁ በኋላ የራሴን ንግድ ፈቃድ አውጥቼ ሜክሲኮ አካባቢ አነስተኛ ቢሮ ከፍቻለሁ። እስካሁን የሠራኋቸው ሥራዎች በአብዛኛው በዘመድና በወዳጅ በኩል የመጡ ናቸው፤ የአጎቴ ልጅ አፓርታማ፣ የጎረቤታችን የውበት ሳሎን፣ የእናቴ የዕቁብ ጓደኛ የልብስ መደብር። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ ምስጋና ትልቅ ቢሆንም፣ በዝምድና ለመጣ ሥራ ዋጋ መጥራትም ሆነ ቀሪ ክፍያ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በቲክቶክና በቴሌግራም የማወጣቸው ምስሎች አድናቆት አያጡም፤ የሚደውለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ለካሬ ስንት ታስከፍያለሽ?» ብሎ መልሱን ከሰማ በኋላ ተመልሶ አይደውልም።

የቢሮ፣ የክሊኒክ፣ የምግብ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ሥራዎች በአርክቴክቶች፣ በፊኒሺንግ (የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ) ኮንትራክተሮችና በዕቃ አቅራቢዎች እጅ እንደሚያልፉ ተረድቻለሁ። እነዚህን ሰዎች ሳላስቸግር እንዴት ልቅረባቸው? በተጨማሪም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ የሴራሚክ መደብር ደንበኛ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ኮሚሽን እንደሚያስብልኝ ነግሮኛል፤ ብቀበል ነውር ነው ወይስ የተለመደ አሠራር ነው?

ውሃልክ፦

እኅታችን፣ እኔ አርክቴክት ስለሆንኩ ከዚያ ወገን ያለውን ልንገርዎት። የውስጥ ዲዛይነር ወደ ሥራችን ሲገባ የምንፈራው ነገር አለ። ሕንፃው ተጠናቅቆ ባለቤቱ ቁልፍ ሊረከብ ሲል የሚመጣ ዲዛይነር ኮርኒሱን ዝቅ ሲያደርግ የአየር ማስወጫውን ይደፍናል፤ የመታጠቢያ ቤቱን አቀማመጥ ሲያዞር የፍሳሽ ቧንቧው በቂ ቁልቁለት ያጣል፤ ግድግዳ ሲያስፈርስም ኮለን፣ ማለትም ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ፣ መነካቱን የምንሰማው ዘግይቶ ከፎርማኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ውሃ ሲያዝል ባለቤቱ የሚደውለው ለእኛ ነው። ስለዚህ አንድ አርክቴክት ከእርስዎ ጋር ለመሥራት ከመወሰኑ በፊት ሊያውቅ የሚፈልገው፣ የሠራውን ሥራ ሳያበላሹና ደንበኛውን ሳይነጥቁ ሥራውን እንደሚጨርሱለት ነው።

ወደ አንድ ቢሮ ሲሄዱ የሚያምሩ የኮምፒውተር ምስሎችን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ እነዚያን ሁሉም ሰው ይዞ ይመጣል። ከሠሩት ሥራ ውስጥ የኮርኒስ ፕላን፣ የመብራትና የሶኬት ነጥቦች ፕላን፣ የካቢኔት ዝርዝር ሥዕልና የዕቃ መጠን ዝርዝር ይምረጡና ያሳዩ። «ሥራ ካለ አስቡኝ» ብሎ ከመመለስም፣ በእጃቸው ላለ አንድ ፕሮጀክት የየክፍሉን ወለል፣ ግድግዳ፣ ኮርኒስና ቀለም የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ ከነናሙናው በተወሰነ ክፍያ ላዘጋጅላችሁ ማለት ይሻላል። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ እስከ መጨረሻው ሳምንት እናቆየዋለን፤ እውነቱን ለመናገር ይሰለቸናል። አንድ ጊዜ በሰዓቱና በትክክል ያስረከበን ሰው ለሚቀጥለው ሥራ ሳንፈልገው አንቀርም።

ለመተዋወቂያ ቦታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረ ሲሆን፣ በከተማችን ካሉት ነባር አርክቴክቶች ብዙዎቹ በዚያ ያለፉ ናቸው። የተማሪዎች ሥራ ለሕዝብ ሲቀርብ ይሂዱ፤ ከሚያስተምሩት መካከል የራሳቸው ቢሮ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ከተማሪዎቹም ውስጥ ነገ ረዳት ሆኖ የሚቀጠርልዎት ይገኛል። የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር የሚያዘጋጃቸውን ውይይቶችም ይከታተሉ። በግንባታ ኤግዚቢሽን ላይ ቦታ መከራየት ግን ለአንድ አነስተኛ ቢሮ ወጪው የሚመለስ አይመስለኝም፤ እንደ ጎብኚ ገብቶ ከአቅራቢዎች ጋር መነጋገር ይበቃል።

የአራዳ ፊኒሺንግ፦

ውሃልክ ስለ አርክቴክት ቢሮዎች የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ሥራ በየት በር እንደሚመጣ ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። የትኛው ሕንፃ ፊኒሺንግ ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው ፎቅ ለቢሮ እንደተከራየ፣ የትኛው ባለቤት ከዲዛይነሩ ጋር እንደተጣላ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት ከሳይት ወደ ሳይት የሚዘዋወሩት የጂፕሰም ሠራተኞች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ኤሌክትሪሺያኖችና አናጺዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ የተነሡ የንግድ ቤቶች በሌላ ሰፈር ሲከፍቱ፣ እኔ ባየሁት ባለቤቶቹ መጀመሪያ የደወሉት የድሮ ሱቃቸውን መደርደሪያ ለሠራላቸው አናጺ ነው። ያ አናጺ «አንዲት ጎበዝ ዲዛይነር አለች» ብሎ ስምዎን እንዲያነሣ ከፈለጉ፣ ልኬቱ የተሟላ ሥዕል ይስጡት፤ ሳይት ላይ ጥያቄ ሲነሣ በዚያው ቀን ይወስኑለት፤ ከሁሉም በላይ ክፍያው በተባለበት ቅዳሜ ይድረሰው።

ኮንትራክተርን የሚያቀርብልዎት ደግሞ ገበያ ላይ ያለውን ዕቃ ማወቅዎ ነው። ከውጭ መጽሔት የተመረጠ ሴራሚክ አዲስ አበባ ውስጥ ካልተገኘ ሥራው ይቆማል፤ ዕለታዊ ወጪው የሚቆጠረውም በእኛ ላይ ነው። አንድ ሴራሚክ ከመወሰንዎ በፊት ከአንድ የምርት ዙር የወጣ ስንት ካሬ በመጋዘን እንዳለ ይጠይቁ፤ ለብክነት ቢያንስ 10 በመቶ ጨምረው ያስገዙ፤ አለበለዚያ ጎድሎ ኋላ የሚገዛው ካርቶን ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሊለይ ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ ዋጋ ማቅረቢያዎ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና በግልጽ ይጻፉበት።

ኮሚሽኑን በተመለከተ ግን ይቀበሉ ባይ ነኝ። ደላላውም፣ ፎርማኑም፣ ሾፌሩም ይቀበላል። ደንበኛው ላይ ዋጋ እስካልተጨመረ ድረስ የሚጎዳ ሰው የለም።

መጋረጃ ቤት፦

ከዚህ በላይ ባሉት ወንድማችን የመጨረሻ ሐሳብ አልስማማም። መርካቶ ውስጥ መጋረጃና ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ኮሚሽን ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነጋዴ ከራሱ ትርፍ ቆርሶ የሚሰጥ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ዲዛይነር ይዞት የመጣ ደንበኛ ሲገባ የሚጠራው ዋጋ ከጅምሩ ሌላ ነው። ደንበኛው በሳምንቱ ብቻውን ተመልሶ ያንኑ ጨርቅ በቅናሽ ሲያገኘው የሚያማው ዲዛይነሯን ነው። እኔ ለዘወትር ደንበኞቼ ለሆኑ ዲዛይነሮች የምሰጠው በደረሰኝ ላይ የሚታይ ቅናሽ ነው፤ ለደንበኛው ያስተላልፉት ወይም በስምምነት ይካፈሉት፣ የእነርሱ ጉዳይ ነው።

እኛ አቅራቢዎች ከዲዛይነር የምንፈልገው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ናሙና ከወሰዱ ይመልሱ። ላይገዙ በየሳምንቱ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አያስጽፉን፤ ለውድድር ማሟያ ከሆነ እንደዚያ ብለው ይንገሩን፣ እንጽፍላችኋለን። ሥራው ሲያልቅ ጨርቁ በቦታው የተሰቀለበትን ፎቶግራፍ ይላኩልን፤ ሱቅ ውስጥ ለሚመጣ ሰው ስናሳይ «ማን ሠራው?» መባሉ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሆቴልና ለምግብ ቤት የእጅ ሽመና ጨርቅ የሚፈልግ ደንበኛ ካለዎት፣ በእኛ በነጋዴዎች በኩል ሳይሆን ራስዎ ሽሮ ሜዳ ወጥተው ከሸማኔዎቹ ጋር ይተዋወቁ። የባህል መወርወሪያ የሚያወጣው ጨርቅ ስፋቱ ጠባብ በመሆኑ መጋጠሚያው የት እንደሚውል ከሸማኔው ጋር ተቀምጦ መወሰን ይጠይቃል፤ ይህም በስልክ አይሆንም። ከዘመን መለወጫ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ትእዛዝ ስለሚበዛባቸው፣ የማስረከቢያ ቀንዎን ያን አስበው ይቁረጡ።

ሰገነት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኮሚሽኑን ነገር የመጋረጃ ቤት ማብራሪያ ግልጽ አድርጎልኛል። ነገር ግን የዲዛይን ክፍያዬን ዝቅ አድርጌ ከኮሚሽኑ የማካክስ ሰው ብሆን ኖሮ ሥራ በቶሎ እንደማገኝ ይሰማኛል፤ ደንበኞች ለዕቃ ሲከፍሉ አይከፋቸውም፣ ለሐሳብና ለሥዕል ሲባሉ ግን «ለወረቀት ነው እንዴ?» ይላሉ። በውሉ ላይ እንዴት ብጽፈው ይሻላል?

ውሃልክ፦

ጥርጣሬው ትክክለኛ ነው፤ እኛም ሥዕል ስናስረክብ የምንሰማው ቃል ነው። ሆኖም ዕቃ እንዲመርጡለትና እንዲገዙለት የሚያምንዎት ሰው ወኪሉ እያደረገዎት መሆኑን ያስቡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በሚደነግግበት ክፍል፣ ወኪል ወካዩ ሳያውቅ ከሚሠራለት ጉዳይ የራሱን ጥቅም ማግኘት እንደማይገባው ይናገራል። ስለዚህ ተገልጾ የተወሰደ ገንዘብ አያሳፍርም፤ ተደብቆ የተወሰደው ግን ከሐሜትም አልፎ ክርክር ሊያመጣ ይችላል።

እኔ የማውቃቸው ዲዛይነሮች ክፍያውን በሁለት ከፍለው ይዋዋላሉ። የዲዛይኑ ዋጋ ለብቻው ይቀመጥና ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ ቀሪው ሥዕሉ ሲረከብ ይከፈላል። የግዢና የሳይት ክትትሉ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ይሆናል። ቃሉን እንደሚከተለው ቢያደርጉት ደንበኛው በቀላሉ ይረዳዋል፦ «ዲዛይነሯ ከአቅራቢዎች የምታገኘው ማንኛውም ቅናሽ በደረሰኝ ታይቶ ለአሠሪው ይታሰባል። ለዕቃ መረጣ፣ ለግዢና ለሳይት ክትትል አሠሪው ከተገዛው ዕቃ ዋጋ ላይ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትን መቶኛ ለዲዛይነሯ ይከፍላል።» ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን እዚያው ላይ ይግለጹ፤ በመጨረሻው ክፍያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው። ለተክለ ሃይማኖቱ ነጋዴም ኮሚሽኑን በቅናሽ መልክ በደረሰኙ ላይ እንዲያደርግልዎት ይንገሩት፤ እምቢ ካለ በዚያው አካባቢ ሌላ ሴራሚክ ሻጭ አይጠፋም።