የነዳጅ ኩባንያን በ10 ዓመት ትርፍ ስመዝን 2020 ላይ ተያዝኩ

ሰላም ወገኖች፤ የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ የኤክሰን ሞቢል አክሲዮን ልትገዛ አስባ «ዋጋው ውድ ነው ወይስ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ በእኔ ተማምናለች። ገንዘቡ የላቧ ነውና በግምት መመለስ አልፈልግም።

የነዳጅ ትርፍ እንደ ክረምትና በጋ ይለዋወጣል። ኩባንያው እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፤ በ2022 ወደ 56 ቢሊዮን አተረፈ። የአንድ ዓመት ትርፍ ስለሚያሳስት አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሮበርት ሺለር ያስተዋወቀውን መንገድ ያዝኩ። የ10 ዓመቱ ትርፍ፣ በአንድ አክሲዮን ተሰልቶ፣ በአሜሪካ የዋጋ ንረት ይስተካከላል። ከዚያ የዛሬው የአክሲዮኑ ዋጋ ለ10 ዓመቱ አማካይ ትርፍ ይካፈላል፤ ውጤቱ ከፍ ሲል አክሲዮኑ ውድ ነው ማለት ነው።

ችግሬ 2020 ነው። የኪሳራው አብዛኛው ክፍል የጋዝ ይዞታዎች ዋጋ በመዝገብ ላይ ሲቀነስ የመጣ እንጂ በዚያ ዓመት ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። ባካትተው አማካዩ ይወርዳል፤ አክሲዮኑም ውድ ይመስላል። ባስቀረው ደግሞ ኩባንያውን ያለ አግባብ ማሳመር ይሆንብኛል። ይዞታዎቹ ሲገዙ የተከፈለው እውነተኛ ገንዘብ ነበር እኮ! ስለዚህ ወደ ማካተቱ አደላለሁ።

የነዳጅ ኩባንያ በዚህ መንገድ የመዘናችሁ ካላችሁ፣ እንዲህ ያለውን ኪሳራ እንዴት ነው የምትይዙት? 10 ዓመትስ ይበቃል ወይስ ላርዝመው? እባካችሁ አስረዱኝ።