ቴክሳስ ለመጣችሁ፦ ስለ ሽጉጥና ስለ ግሪን ካርዳችን

ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ የተዛወረው ወንድማችን «እዚህ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ ይያዛል የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠይቋል። አብዛኞቻችሁ «አዎ፣ ነፃ ነው» ብላችሁ መለሳችሁለት። ይቺ «ነፃ ነው» የምትል ቃል አስፈርታኝ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ፣ ያለ ፈቃድ መያዙ እውነት ነው። ገዥው ግሬግ አቦት ሕጉን ጁን 2021 ፈርመውት ሴፕቴምበር 1 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ዕድሜው 21 ለሞላና በሌላ ሕግ ላልተከለከለ ሰው ሽጉጥ ይዞ መውጣትን ይፈቅዳል። የሚታይ ከሆነ ግን ማህደሩ (ሆልስተር) ውስጥ መሆን አለበት።

ሌሊት ሱቅ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ሕጉ ሲወጣ ደስ ካላቸው አንዱ እሱ ነው። አንድ ሌሊት ሲዘጋ አብሬው ነበርኩ። መብራቱን አጠፋ፣ ቁልፉን በጣቶቹ መሃል ያዘ፣ በሩ ላይ ቆሞ ፓርኪንጉን ግራ ቀኝ ቃኘ። መኪናው ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ አይሞላም። «ለፈቃዱ ኮርስ ብዬ አንድ ሺፍት ከቀረሁ የቤት ኪራዬ ይጎድላል» አለኝ። «የሚዘርፈኝ ሰው ደግሞ የምወጣበትን ሰዓት ያውቃል።» ይህን ከሰማሁ በኋላ ሕጉን የደገፈውን ሁሉ ጠብ ፈላጊ ማለት ነውር ይመስለኛል።

እኔ ግን ዛሬም ሕጉን እቃወማለሁ። ከወረቀቱ ጋር ትምህርቱም ቀርቷል። ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓታት የሚፈጅ ትምህርት ክፍል ተቀምጦ ይማራል፣ ተኩሶም ይፈተናል። የት ይዞ መግባት እንደማይቻል የሚነገረው እዚያ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ከአባቱም ከጎረቤቱም ይሰማዋል። እኛ ከማን እንስማው?

ክልከላዎቹ እንዳሉ ናቸው። ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ምርጫ ጣቢያ ይዞ አይገባም። በሩ ላይ ትልቅ ቀይ 51% የተለጠፈበት ቤት ከገቢው 51 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከመጠጥ ነው፤ እዚያም ሽጉጥ ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ቅዳሜ ማታ ክትፎ በልተን ቢራ የምንጠጣበት ቤትም ሊኖረው ይችላል፣ ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የፌዴራሉ ሕግ ነው። ከትምህርት ቤት ግቢ በ1,000 ጫማ ርቀት ውስጥ ሽጉጥ መያዝን ይከለክላል። የስቴቱን ፈቃድ ያወጣ ሰው አይነካውም። ያላወጣውን ግን ይነካዋል። የጎረሰ ሽጉጥ ወገቡ ላይ አድርጎ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት፣ የቴክሳስን ሕግ አክብሮ የፌዴራሉን ሊጥስ ይችላል።

ለኛ ደግሞ ነገሩ በቅጣት ብቻ አያልቅም። ዜግነት ያልወሰደ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ማታ! በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ ዘመድማ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሽጉጥ መያዝ ጭራሽ አይፈቀድለትም። ተኩስ መለማመጃ ወስዳችሁ ፎቶ የምታነሷቸው፣ እባካችሁ ተዉ።

ወንድሜ፣ ለፋሲካ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመለስም ታጥቀህ እንዳትሄድ። ሜሪላንድ የራሷን ፈቃድ ነው የምትጠይቀው፤ የቴክሳሱን አትቀበልም።

ቤተ ክርስቲያናችን ሽጉጥ ይዞ መግባትን ከልክሏል። በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ሕጉ እንደሚያዘው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ በአማርኛ አትጽፉትም?» አሉ። በማግስቱ ከሥሩ በአማርኛ ጻፍነው።

ፈቃዱን አሁንም ማውጣት ይቻላል። የስቴቱ ክፍያ 40 ዶላር ነው፣ ኮርሱ ለብቻው ይከፈላል። ያንን ጓደኛዬን በስንት ልመና አሳምኜዋለሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልንመዘገብ ነው። ከፈለግህ ና፣ መኪና ውስጥ ቦታ አለ።