ዋሽንግተን አጠገብ ዳክዬ የሚታደንበት የሕዝብ ውኃ የት ይገኛል?

ከአሌክሳንድሪያ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ግሪን ካርድ ከያዝሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ በመጪው ዓመት ለዜግነት ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። ላለፉት ሁለት ወቅቶች ዳክዬ የማድነው በአንድ የሥራ ባልደረባዬ የእርሻ መሬት ላይ ነበር፤ መሬቱ ከተሸጠ ወዲህ ግን መሄጃ አጥቻለሁ። ከከተማው ብዙ ሳልርቅ ማንም ሰው በሕግ ሊያድንበት የሚችል ውኃ የት አለ? ፖቶማክ ዳር በወረድሁ ቁጥር ዳክዬው ሞልቶ አያለሁ፤ ነገር ግን በየጥጉ በሸምበቆ የተሸፈነ መደበቂያ ቆሞ ስለማገኝ የማን እንደሆነና ምን ያህል መራቅ እንዳለብኝ አላውቅም። በዚህ ላይ በተማሪ ቪዛ የመጣው የእህቴ ልጅ «እኔንም ውሰደኝ» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ውኃው የማን እንደሆነ ነው። በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ፣ ማለትም በራሷ በዋሽንግተን ከተማ፣ አደን ክልክል ነው፤ ከዉድሮ ዊልሰን ድልድይ በላይ ከተማዋን ታክኮ የሚያልፈው ወንዝም እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የዲስትሪክቱ ስለሆነ፣ ከደጅዎ ፊት ለፊት የሚዋኘውን ዳክዬ ይርሱት። ከድልድዩ በታች ያለው ዋናው ወንዝ፣ ውኃው ሲጎድል በቨርጂኒያ በኩል እስከሚሸሽበት መስመር ድረስ፣ የሜሪላንድ ነው፤ ወደ ቨርጂኒያ ምድር የሚገቡት ሰርጦች ደግሞ የቨርጂኒያ ናቸው። ስለዚህ ጀልባዎ ጥቂት ፈቀቅ ባለ ጊዜ ሌላ ግዛትና ሌላ ደንብ ውስጥ ገብተው ሊያገኙት ይችላሉ።

ያዩት መደበቂያ አዳኞች ብላይንድ የሚሉት ነው። በቨርጂኒያ የሕዝብ ውኃ ላይ ፈቃድ ያለው ብላይንድ ካለ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደልዎ በቀር ከእሱ 500 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው። በሜሪላንድም የዳርቻ ባለመሬቶች ፊት ለፊታቸው ያለውን ውኃ ለብላይንድ ያስመዘግባሉ፤ በካርታ ላይ ባዶ መስሎ የሚታየው ውኃ ሁሉ ባዶ አይደለም።

ጀልባ ለሌለው ሰው የምመክረው ፑልስቪል አጠገብ ያለውን ማኪ ቤሸርስን ነው። 2,000 ኤከር ያህል ስፋት ያለው የሜሪላንድ መንግሥት ይዞታ ሲሆን፣ ዛፎቹ እንደቆሙ ውኃ እንዲተኛባቸው የሚደረጉ ደኖች አሉት። ለዚያ ግን የቨርጂኒያው ፈቃድዎ አይበቃም፤ ሜሪላንድ ለነዋሪዋ ላልሆነ ሰው የምትሰጠውን ፈቃድ ማውጣት አለብዎ። ከ1934 ጀምሮ ለውኃ ወፍ አዳኞች የሚሸጠው የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር፣ ዛሬ 25 ዶላር፣ በሁለቱም ግዛቶች ያስፈልጋል። የእርሳስ ጥይት ለውኃ ወፎች በመላ አገሪቱ ከ1991 ወዲህ ስለተከለከለ፣ አሮጌ ጥይት ኪስዎ ውስጥ እንዳይቀር ልብ ይበሉ።

ከፎልስ ቸርች፦
የ25 ዶላሩን ነገር ባነሡት ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ባለቤቴም ሲጀምር የነገረኝ ያንኑ ነበር። ከዚያ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ተገዛ፣ ማታለያ ዳክዬ በደርዘን ተገዛ፣ ቀጥሎም ያገለገለች ትንሽ ጀልባ መጣች። በዚያው ዓመት ለእናቱ በየወሩ የምንልከው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ዘገየ። እማማ «ምነው ልጄ፣ ታመማችሁ እንዴ?» ብለው ሲደውሉ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ፤ መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ዳክዬዎች ጭቃቸው እስኪለቅ ተዘፍዝፈዋል። ይህን ለእናት ምን ብዬ ላስረዳ?

ከአርሊንግተን፦
ልጆቼ፣ ስለ ዳክዬው ብዙ ተባለ፤ ስለ ወረቀቱ ግን ማንም አላነሣም። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው መሐላውን እስኪፈጽም ጠመንጃ ባይነካ ይሻለዋል። የማውቀው አንድ ሰው ሾትገን ሲገዛ ቅጹን ሳያነብ ዜጋ ነኝ በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ጉዳዩ ከጠበቃ ወደ ጠበቃ ሲንከባለል ኖሯል። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው ድልድይም ራሱ መካከል ላይ የዲስትሪክቱን ግዛት ስለሚነካ፣ ጠመንጃ ጭኖ ማለፉም ያሠጋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ያንን ሰው ያስጠየቀው ጠመንጃው ሳይሆን በቅጹ ላይ የሰጠው የሐሰት ቃል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ ከመያዝ አይከለከልም። ድልድዩንም በተመለከተ፣ በመነሻውም በመድረሻውም በሕግ መያዝ የተፈቀደለት መንገደኛ፣ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ እሱም ጥይቱም ከተሳፋሪ እጅ በማይደርሱበት የዕቃ መጫኛ ውስጥ ካሉ፣ የፌዴራል ሕግ ማለፊያ ይሰጠዋል። የሚያሳስበኝ የእህትየው ልጅ ነው፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃ መያዝ የተከለከለ ሲሆን፣ ከክልከላው ከሚያወጡት ጥቂት ነገሮች አንዱ ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ የአደን ፈቃድ ነው። እስኪያወጣ ድረስ ጀልባ ላይ ለደቂቃ እንኳ ያዝልኝ አይበሉት።

ከአርሊንግተን፦
የዜግነት ማመልከቻውስ? በአደን ደንብ ጥሰት የተሰጠ ክስ በዚያ ላይ አይጠየቅም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይጠየቃል፤ ተከስሶ የሚያውቅ ሰው መግለጽ አለበት። መፍትሔው ግን ደንቡን ማክበር እንጂ ቤት መቀመጥ አይደለም።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ፣ ያለ ጠመንጃ፣ ማኪ ቤሸርስን አይቼ እመለሳለሁ። በቨርጂኒያ በኩል ጀልባ የሚወርድበትን ቦታ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከአርሊንግተን፦
ከመሐላው በኋላ እኔ ራሴ እነግርሃለሁ።